«በቤታችን የሚዞረው ደዌ»፦ በዘር ስለሚወረስ የካንሰር ተጋላጭነት፣ ስለ ዘረመል ምክርና ጥናት ስለሚሹ ጥያቄዎች

አንዲት የ34 ዓመት እናት በጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች እንበል። ተመረመረች፤ ውጤቱም ካንሰር ሆነ። እናቷ በ40 ዓመቷ ገደማ «በጡት እባጭ» አርፋ ነበር፤ አክስቷም ሆዷ አብጦ ብዙ ሳትቆይ አልፋለች። ነገሩ በተሰማ ሳምንት ቤተሰቡ ተሰብስቦ የንስሐ አባቱን ይጠይቃል፦ «አባታችን፣ ይህ ደዌ በቤታችን የሚዞረው ስለ ምንድን ነው? እርግማን ይሆን? ታናሽ እኅቷ ታጭታለችና ለእርሷስ ምን እንበላት?»

ቤተሰቡ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው፤ ጥያቄው ግን በየአጥቢያው ለሚያገለግል ካህን እንግዳ አይደለም። የሕክምና ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ ባለፉት 30 ዓመታት ብዙ መልስ አግኝቷል። ሆኖም መልሱ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ሰው ቤት ሲገባ፣ በተለይም እንደ እኛ ባለ አገር፣ ገና ያልተጠኑ ብዙ ነገሮች አሉ። ይህ ጽሑፍ በዘር የሚወረሰው ምን እንደ ሆነ፣ የዘረመል ምክር የሚባለው አገልግሎት ምን እንደሚሠራ፣ ጥናት የሚሹትም ጥያቄዎች የትኞቹ እንደ ሆኑ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የሚወረሰው ምንድን ነው?

አስቀድሞ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፦ አብዛኛው ካንሰር በዘር የሚወረስ አይደለም። ከ100 የካንሰር ሕሙማን መካከል ከወላጅ በተወረሰ አንድ ግልጽ የዘረመል ለውጥ ምክንያት የታመሙት ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። የቀሩት ከዕድሜ፣ ከትምባሆ፣ ከተሕዋስያንና ከሌሎችም ምክንያቶች ጋር የተያያዙ ናቸው። በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኘው የማኅፀን በር ካንሰር እንኳ መነሻው ክትባት ያለው ቫይረስ ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው በካንሰር ስለ ታመመ ብቻ «የዘር ነው» ማለት ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር፣ በዘር የሚተላለፈው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው ራሱ አለመሆኑ ነው። ነገሩን በብራና መጽሐፍ እንመስለው። የሰውነታችን ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር በውስጡ ያለውን ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል የያዘ የዘረመል ጽሑፍ እንደ ቁም ጸሐፊ ይገለብጣል። ይህን ያህል ፊደል ሲገለበጥ ስሕተት አይጠፋምና ሕዋሱ የራሱ አራሚዎች አሉት። ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ዘረመሎች የተሰበረውን ጽሑፍ ከሚጠግኑት አራሚዎች መካከል ናቸው። ማንኛውም ሰው የእያንዳንዱን ዘረመል አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ይቀበላል። አንዱ ቅጂ ተበላሽቶ የተወለደ ሰው፣ ሁለተኛው ቅጂ ሥራውን ስለሚሠራ በጤና ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በዕድሜው ዘመን በአንዲት ሕዋስ ውስጥ የቀረው ቅጂ ቢበላሽ፣ ያቺ ሕዋስ አራሚ ያጣች ጸሐፊ ትሆናለች፤ ስሕተት በስሕተት ላይ እየተከመረ ይሄድና ካንሰር ሊጀምር ይችላል።

ይህን ሐኪሞች ከዘረመል ሳይንስ በፊት በዓይናቸው አይተውት ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1866 በባለቤቱ ቤተሰብ ውስጥ የጡት ካንሰር ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደ ተከተለ ጻፈ። አሜሪካዊው አልድሬድ ዋርቲን ደግሞ ዘመዶቿ ሁሉ በካንሰር እንዳለቁ፣ እርሷም በዚያው እንደምትሞት የነገረችውን አንዲት ልብስ ሰፊ ቃል ይዞ የቤተሰቧን ታሪክ መረመረና እ.ኤ.አ. በ1913 አሳተመ። ዛሬ ሊንች ሲንድሮም የሚባለው፣ የትልቁ አንጀትና የማኅፀን ካንሰርን የሚያመጣው የዘር ተጋላጭነት የታወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሜሪ ክሌር ኪንግ በለጋ ዕድሜ የሚመጣው የጡት ካንሰር በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ ካለ ዘረመል ጋር እንደሚያያዝ አሳየች። ብራካ 1 በ1994፣ ብራካ 2 በ1995 ተለይተው ታወቁ።

የተጋላጭነቱ መጠን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳመለከተው፣ የተበላሸ ብራካ 1 ካላቸው 100 ሴቶች 72ቱ፣ ብራካ 2 ካላቸው ደግሞ 69ኙ እስከ 80 ዓመታቸው ድረስ የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። የእንቁላል ማምረቻ እጢ ካንሰር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዘንድ 44፣ በሁለተኞቹ ዘንድ 17 ያህሉን ያገኛል። ይህን ለውጥ የያዘ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረሱ ዕድል እኩሌታ ነው፤ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ አይልም። ወንዶችም ይሸከሙታል፤ ለልጆቻቸውም ያስተላልፉታል፤ እነርሱም ራሳቸው በፕሮስቴት፣ በቆሽት፣ አልፎ አልፎም በጡት ካንሰር ሊታመሙ ይችላሉ። ስለዚህ «የእናት ወገን ሕመም ነው» ተብሎ የአባት ወገን መዘንጋት የለበትም።

የዘረመል ምክር ምን ይሠራል?

«የዘረመል ምክር» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው አሜሪካዊው ሼልደን ሪድ ነው። በዚሁ ሙያ የመጀመሪያው የማስተርስ ትምህርት በሳራ ሎውረንስ ኮሌጅ በ1969 ተጀመረ። መካሪው አስቀድሞ የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ ይሥላል፦ ማን ታመመ፣ በምን፣ በስንት ዓመቱ። ቀጥሎ ምርመራው ምን ሊናገር እንደሚችልና ምን እንደማይችል ያስረዳል። ሰውየው ፈቅዶ ከተመረመረ ውጤቱን ያብራራለታል፤ ከዚያም ምን ማድረግ እንደሚቻል አብሮት ይመክራል። ውሳኔው ግን የተመካሪው ነው። መካሪ ያስረዳል እንጂ አያዝዝም።

ከውጤቱ በኋላ የሚደረግ ነገር አለ። በብዙ አገሮች ለውጡ የተገኘባቸው ሴቶች ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ በኤም.አር.አይ ይከታተላሉ። ከመታመማቸው በፊት ጡታቸውን በቀዶ ሕክምና የሚያስወግዱም አሉ፤ ይህ ተጋላጭነቱን ወደ 90 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሊንች ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች አንጀታቸው በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ በመሣሪያ ይታያል፤ በሐኪም ትእዛዝ የተወሰደ አስፒሪንም የአንጀት ካንሰርን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። እንግዲህ ዕውቀቱ ሰውን ያድናል። ችግሩ ዕውቀቱ ለሁሉም እኩል አለመድረሱ ነው።

ጥናት የሚሹ ጥያቄዎች

አንደኛ፣ የማን መጽሐፍ ነው የተነበበው? የዘረመል ምርመራ ውጤት ሦስት ዓይነት ነው፦ ጎጂ ለውጥ ተገኝቷል፤ አልተገኘም፤ ለውጥ ተገኝቷል፣ ትርጉሙ ግን አይታወቅም። ሦስተኛውን ለመረዳት ግእዝን የሚያውቅ ሰው አይቸገርም። በንጉሡ «ሠ» የተጻፈው ሠረቀ «ወጣ» ማለት ነው፤ በእሳቱ «ሰ» የተጻፈው ሰረቀ ግን «ሌባ ሆነ» ማለት ነው። በሌላ ቃል ላይ ግን የፊደል መለዋወጥ ትርጉሙን ላይነካው ይችላል። የትኛው ስሕተት፣ የትኛው የአጻጻፍ ልማድ እንደ ሆነ የሚታወቀው ብዙ መጻሕፍትን አስተያይቶ ነው። በዘረመልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የቀረበ ቅኝት እንደሚያሳየው ከበሽታ ጋር የሚያያዙ ለውጦችን ለመፈለግ በተደረጉ ሰፊ የዘረመል ጥናቶች ከተካፈሉት ሰዎች 78 በመቶዎቹ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ፣ አፍሪካውያን 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ሲመረመር «ትርጉሙ ያልታወቀ» የሚል ውጤት የማግኘቱ ዕድል ይበልጣል። እንዲህ ያለ ውጤት የተነገራት ሴት በከንቱ ልትፈራ ወይም የማያስፈልጋትን ቀዶ ሕክምና ልትጠይቅ ትችላለች። ከላይ የጠቀስናቸው የተጋላጭነት ቁጥሮችም በአብዛኛው የተገኙት የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ቤተሰቦች ነው፤ በእኛ ዘንድ ስንት እንደሚሆኑ በሰፊ ጥናት ሊለካ ይገባዋል። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሩ መልካም መሠረት ነው። በአገራችን የጡት ካንሰር ብዙ ሴቶችን በለጋ ዕድሜ ማግኘቱ ጥያቄውን አጣዳፊ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ የሕዝባችን ዕድሜ በአብዛኛው ወጣት ስለ ሆነ፣ የሕሙማኑ ወጣትነት ብቻውን የዘር ማስረጃ አይሆንም። የትኛው ከየትኛው እንደ ሆነ የሚለየው በጥናት ነው።

ሁለተኛ፣ የቤተሰብን ታሪክ እንዴት እንጠይቅ? ሕዝባችን በጋብቻ ጊዜ እስከ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ አለው። ይህ ለዘረመል መካሪ ትልቅ ሀብት ይመስላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ቆጠራው የሚያስታውሰው ስምን ነው፤ የሞት ምክንያትንና ዕድሜን አይዝም። አብዛኛውን ጊዜም የአባቶችን መስመር ይከተላልና እናቶች፣ አክስቶችና አያቶች ከሐረጉ ይወድቃሉ። የበሽታው ስምም አይጠራም፤ «ክፉ በሽታ»፣ «እባጭ»፣ «የሆድ ሕመም» ተብሎ ይታለፋል። የውጭ አገር መጠይቅ ተተርጉሞ ቢቀርብ «በቤተሰብዎ ካንሰር አለን?» ለሚለው የብዙዎች መልስ «የለም» ይሆናል። ምን ተብሎ ቢጠየቅ እውነቱ እንደሚገኝ ራሱን የቻለ ጥናት ያሻዋል።

ሦስተኛ፣ ነገሩን በምን ቃል እንንገር? «ዘር» የሚለው ቃል በአማርኛ ከባድ ቃል ነው፤ ትውልድን፣ ወገንን፣ ክብርንና ነውርን አብሮ ይሸከማል። ቁምጥና በተሕዋስያን የሚመጣና የሚድን በሽታ ሳለ፣ «የዘር ነው» በመባሉ ስንት ቤተሰብ ከጋብቻና ከማኅበር እንደ ተገለለ አረጋውያን ያውቁታል። ስለዚህ «የዘር ካንሰር» የሚለው አነጋገር ሌላ መገለልን እንዳያመጣ ያሰጋል። ቁጥሩም እንዲሁ ነው፤ «ዕድሉ እኩሌታ ነው» ሲባል አንዱ «ከሁለት ልጆቼ አንዱ የግድ ይታመማል» ብሎ ይረዳል። እኩሌታ የሚባለው ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ነው፤ ለውጡን መውረስም መታመም ማለት አይደለም። የትኛው አገላለጽ በትክክል እንደሚገባ፣ የትኛውም ያለ ልክ እንደሚያስፈራ በአማርኛም በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎችም ተፈትኖ መታወቅ አለበት።

አራተኛ፣ ምሥጢሩ የማን ነው? የአንድ ሰው የዘረመል ውጤት የእኅቱና የወንድሙ፣ የልጁም ጉዳይ ነው። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ለውጡ ከተገኘበት ሰው ዘመዶች መካከል ከግማሽ ያነሱት ብቻ ናቸው የሚመረመሩት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ወሬው አለመድረሱ ነው፤ ሕመምተኛው እንዴት እንደሚነግራቸው ይቸግረዋል። በሌላ ወገን «ማወቅ አልፈልግም» የማለት መብትም አለ። በአይስላንድ ይህ ክርክር አደባባይ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ማወቅ የፈለገ ዜጋ ራሱ ጠይቆ የሚያውቅበት የኢንተርኔት አገልግሎት እንዲከፈት ምክንያት ሆኗል። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የምትኖር እኅት ተመርምራ ለውጡ ቢገኝባት፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ያሉ እኅቶቿ ምን ይሁኑ? ማን ይንገራቸው? የትስ ይመርመሩ? ቤተሰብ በሁለት አህጉር ሲኖር ምክሩ እንዴት እንደሚደርስ ሊጠና ይገባል። ከዚህ ጋር አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ በእስራኤል ለአሽከናዝ አይሁድ የተዘጋጀው አጭር ምርመራ የሚፈልገው በእነርሱ ዘንድ የታወቁ ጥቂት ለውጦችን ነውና፣ በዚያ ብቻ «ነጻ ነሽ» የተባለች የኢትዮጵያ ተወላጅ ሙሉ መልስ አላገኘችም።

አምስተኛ፣ ማን ይምከር? በአገራችን በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሰዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት በስልክ የተሰጠ ምክር ፊት ለፊት ከተሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። በእኛ ዘንድ የሠለጠነች ነርስ ይህን ልትሠራ ትችላለችን? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋስ ተጋላጭ ቤተሰብን ለይታ ልትልክ ትችላለችን? ካህኑ በየትኛው ደረጃ ይግባ? እነዚህ በግምት ሳይሆን በሙከራ የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው።

ስድስተኛ፣ ከምርመራ በኋላ ምን አለ? ኤም.አር.አይ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ በማይገኝበት፣ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ ወደ ክልል ከተሞች መስፋፋት ገና በጀመረበት አገር፣ ክትትል የማይከተለው ምርመራ ሸክም ይሆናል። ለድሀ አገር የሚስማማው የክትትል መንገድ የትኛው እንደ ሆነ፣ ወጪውም ማንን እንደሚያድን አስቀድሞ መጠናት አለበት።

ከቀደሙት ምን እንማራለን?

ይህን የመሰለ ጉዳይ በአገራችን የመጀመሪያው አይደለም። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት በአንዳንድ ቤተሰቦች ላይ ለምን እንደሚበዛ ተመራማሪዎች በወላይታ ሲያጠኑ፣ የዘረመል ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ጥናቱ ራሱ መገለልን ያባብስ እንደ ሆነ ሕዝቡን ጠየቁ። በተነገራቸው መሠረት የአቀራረባቸውን መንገድ አስተካከሉ፤ የዘረመል ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሞ በዓለም ታወቀ። አስቀድሞ ሕዝብን መጠየቅ ጥናቱን እንዳላሰናከለው፣ ይልቁንም እንዳጸናው ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቆጵሮስ ነው። በዚያች ደሴት ታላሴሚያ የሚባለው በዘር የሚወረስ የደም ሕመም ብዙ ሕፃናትን ያጠቃ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የቆጵሮስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጋቢዎች መመርመራቸውንና ምክር ማግኘታቸውን የሚያሳይ ወረቀት እንዲያቀርቡ ጠየቀች። ወረቀቱ ውጤቱን አይገልጽም፤ ጋብቻንም አይከለክልም። ከዚህ የምንወስደው ምሥጢር ጠባቂነቱን እንጂ አሠራሩን እንዳለ አይደለም። ታላሴሚያ የሚጸናው ሁለቱም ወላጆች ሲሸከሙት ነው፤ የካንሰር ተጋላጭነት ግን ከአንድ ወላጅ ብቻ ይወረሳልና የተጋቢዎች መገጣጠም አያመጣውም። ስለዚህ ለጋብቻ መከልከያ ምክንያት ሊደረግ አይገባውም።

ሰበካ ጉባኤያትና ካህናት ምን ያድርጉ?

ጥናቱ የባለሙያ ነው፤ መንገዱን ማቅናት ግን የአጥቢያም ሥራ ነው።

በመጀመሪያ፣ የቤተሰብን የጤና ታሪክ መመዝገብ ይለመድ። ቤተሰቦች የእናትንና የአባትን ወገን ለይተው፣ ማን በምን ሕመም በስንት ዓመቱ እንዳረፈ በደብተር ቢይዙ ለሐኪማቸው የሚሰጡት ትልቅ ስጦታ ነው። መዝገቡ የቤተሰቡ ይሁን፤ በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት አይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ምልክቱን እንወቅ። በአንድ ወገን ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች የጡት፣ የእንቁላል ማምረቻ እጢ ወይም የአንጀት ካንሰር ካገኛቸው፣ ሕመሙ ከ50 ዓመት በፊት ከመጣ፣ ወንድ በጡት ካንሰር ከታመመ፣ ቤተሰቡ ሐኪም ያማክር። በሕፃን ዓይን ብሌን ውስጥ ነጭ ነጸብራቅ ከታየ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይወሰድ፤ በሕፃናት ዓይን ላይ የሚወጣው ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚህ ካንሰር ከሚያዙት ከ10 ሕፃናት የአራቱ ያህል ሊወረስ የሚችል ነው፤ በጊዜው ከተደረሰበትም ይታከማል።

ሦስተኛ፣ ተመራማሪ ወደ አጥቢያ ሲመጣ ሰበካ ጉባኤው ይጠይቅ፦ ጥናቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለውን? ናሙናው ወዴት ይሄዳል? ውጤቱ ለሰጪው ይነገራልን? ለውጥ የተገኘበት ሰው ሕክምና ያገኛልን? ምሥጢሩ እንዴት ይጠበቃል? አጥጋቢ መልስ ከተገኘ ምእመናንን ማበረታታት ይገባል፤ መጽሐፋችን ካልተነበበ ትርጉሙ አይታወቅምና። ነገር ግን ምእመኑ የሚሳተፈው በራሱ ፈቃድ እንጂ በካህን ትእዛዝ ሊሆን አይገባም።

አራተኛ፣ የንስሐ አባት የሰማውን ይጠብቅ፤ ሕመምተኛው ራሱ ለዘመዶቹ እንዲነግር ግን ያበርታው። ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛም ሕክምናውንና ክትትሉን እንዳያቋርጥ ይምከረው።

አሁን ወደ ጀመርንበት ቤተሰብ እንመለስ። ሦስት ሴቶች በአንድ ወገን፣ ሁለቱም በለጋ ዕድሜ፣ ጡትና ሆድ፤ ይህ በሐኪም መጠየቅ ያለበት ቤተሰብ ነው። ካህኑ ሁሉን እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። ነገር ግን እንዲህ ሊላቸው ይችላል፦ «ይህ እርግማን አይደለም፤ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የተጠየቀውን አስቡ፤ እርሱም ወላጆቹም በደል አልተቈጠረባቸውም። የአባትና የእናታችሁን ወገን ታሪክ ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ። ወንዶቹም ጉዳዩ ይመለከታችኋል። ታናሽ እኅታችሁ ጋብቻዋን ትፈጽም፤ ሐኪም ማማከርን ግን አትተው። ለእርሷ ቀድሞ ማወቅ እናታችሁ ያላገኘችው ዕድል ነው።»